አመዱንና ዩሪያውን አንድ ላይ አታድርጊ

እህቴ፣ «አማቴ ለጓሮ አመድና ፍግ ይበቃል ይሉኛል፤ የግብርና ባለሙያ የሆነው ጎረቤታችን ደግሞ ያለ ዩሪያ ማዳበሪያ ጎመን አይፋፋም ይላል፤ ማንን ልስማ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ ጓሮ ማልማት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አፈሩን በአማትሽ መንገድ ያዢው፤ ገንዘብሽን ግን ለውኃው አውጪው።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱንም ወገን ላስደስት ብዬ በአንድ ቀን አመድም ዩሪያም ጎመኑ ሥር በተንኩ። በማግስቱ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ከመደቡ ተነሣ፤ ጎመኑ ግን ምንም ለውጥ አላሳየም። ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ዩሪያ ከመቶ 46ቱ ጎመኑን የሚያፋፋው ናይትሮጅን ነው፤ እርጥበትና አመድ ሲያገኘው ናይትሮጅኑ አሞኒያ ወደሚባል ጋዝ ተለውጦ ይተናል። ብሩ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው! አመድ ለብቻው ግን መልካም ነው፤ ፖታሽየም የሚባል የተክል ምግብ አለው፣ ጠዋት በጤዛው ላይ ስነሰንሰው ቅጠሉን የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ክሽክሹም ይቀንስልኛል።

ትኩስ እበት አትጨምሪ፤ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ከቅጠልና ከወጥ ቤት ልጣጭ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ወር ይብላላ። ብስባሹ እስኪደርስ ከቸገረሽ ለአንድ ጎመን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ፣ ከግንዱ ራቅ አድርገሽ፣ አፈር አልብሰሽ አጠጪው። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

እኛ ጋ ዋናው ጭንቅ ውኃ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይትረፈረፋል፤ ጥቁር አፈር ከሆነ መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ ካላደረግሽ ነጭ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ የቧንቧውን ፈረቃ መጠበቅ ነው። እኔ የሁለት ሊትር ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ፣ ክዳኑን በመርፌ በስቼ፣ በየቲማቲሙ ሥር ዘቅዝቄ ተከልኩ፤ አፈሩንም በጤፍ ጭድ ሸፈንኩት። ሦስት ባልዲ ይጠጣ የነበረው መደብ አሁን አንድ ባልዲ ይበቃዋል። አቅም ካለሽ የጠብታ መስኖ ቱቦ ግዢ፤ ከማዳበሪያው ይልቅ እሱ ያዋጣል።

የሐበሻ ጎመን ዘር ከራስሽ ጓሮ አስቀሪ። ከሱቅ የተገዛ ዲቃላ ቲማቲም ግን ዘሩ ቢተከል እናቱን አይመስልም፤ በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው።

የአማትሽን ጤና አዳም ግን አትንኪባቸው። የእኔው አጥር ሥር ፍግ እንኳ ሳይቀምስ ስድስት ዓመት ቆሟል።