ኢያ ሸለቆ፦ ያለ መኪና እስከ የት ይኬዳል?

እህቴ፣ «በኖቬምበር ኦሳካ ስንሆን፣ ሽኮኩ ደሴት ያለውን የኢያ ሸለቆ በአንድ ቀን፣ ያለ መኪና ማየት ይቻላል?» ላልሽው፦ ምዕራብ ኢያ ብቻ ከሆነ ይቻላል። ምሥራቁን ከጨመርሽ መኪናና ሁለት አዳር ያዢ።

ያለ መኪና ከሆነ ሺንካንሰን በሚባለው እጅግ ፈጣን ባቡር እስከ ኦካያማ ከተማ፣ ከዚያ ናንፑ በሚባለው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ተጉዘሽ ኦቦኬ ትወርጃለሽ። ከጣቢያው አውቶቡስ ካዙራባሺ ያደርስሻል፤ በሐረግ የተሠራው ድልድይ ነው፤ ርዝመቱ 45 ሜትር፣ ከወንዙ ከፍታው 14 ሜትር፣ በየ3 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል። የመርገጫው እንጨት ሰፊ ክፍተት ስላለው ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ስልክም ይሾልካል። ከአውቶቡስ እንደወረድሽ የመመለሻውን ሰሌዳ ፎቶ አንሺው።

ኦቺያይ መንደር፣ ሰው የሚያካክሉ አሻንጉሊቶች የሞሉባት ናጎሮና ጥንዶቹ የሐረግ ድልድዮች ግን ምሥራቅ ኢያ ናቸው። አውቶቡስ እዚያ እጅግ ጥቂት ነው። ጥንዶቹ ድልድዮች በክረምት ስለሚዘጉ ከኖቬምበር አታሳልፊ።

መንጃ ፈቃድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጃፓን የምትቀበለው በ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የተሰጠውን ዓለም አቀፍ ፈቃድ ነው፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ የለችም። የአሜሪካ ፈቃድ ካለሽ ከመነሳትሽ በፊት ዓለም አቀፉን ከትሪፕል ኤ (ከአሜሪካ የመኪና ማኅበር) አውጪ፤ ዋናውንም ያዢ። የጀርመንና የፈረንሳይ ፈቃድ ደግሞ የሚሠራው ከተፈቀደው የጃፓንኛ ትርጉም ጋር ነው።

መኪናው ትንሽ ይሁን፤ ቢጫ ታርጋ ያለውን «ኬይ» ጠይቂ። 439 ቁጥር መንገድ ብዙ ቦታ አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋል። ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ ለሰፊው ቦታ የቀረበው ወደ ኋላ ይመለሳል። በቀኝ መንዳት የለመደ ሰው መሪው በቀኝ ሲሆንበት ሳያውቀው ወደ ግራ ጠርዝ ይጠጋል፤ እዚያ ክዳን የሌለው የውኃ ቦይ አለና ጎማው ይገባል። ይኼ የተለመደ ጉዳት ነው። ጂፒኤስ ደግሞ አጭሩን የተራራ መንገድ ይመርጥልሻል፤ አትስሚው። በ32 ቁጥር እስከ ኦቦኬ፣ ከዚያ በ45 ቁጥር ግቢ። በተራራው መንገድ እያንዳንዱን 30 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት አስቢው። በኖቬምበር በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ ስለሚመሽ ከዚያ በፊት ማደሪያሽ ድረሺ። ነዳጅ ሸለቆው ከመግባትሽ በፊት አዋ-ኢኬዳ ከተማ ላይ ሙዪ፤ ጥሬ ገንዘብም ያዢ።

ጉዞሽ ከኅዳር 15 በኋላ፣ በነቢያት ጾም ከዋለና ዓሣም የማትበዪ ከሆነ፣ ሶባ የሚባለው የጃፓን ኑድል መረቅ ከደረቅ ዓሣ እንደሚሠራ እወቂ። ማደሪያ ስትይዢ ንገሪያቸው፤ ለራት የሚሆነው ቀድሞ ይገዛልና ሲደርሱ መናገር አይጠቅምም።