«ለኅዳር ሚካኤል ማግስት» የተባለ ቀጠሮ ለኮዱ እንዴት ይገባዋል? ጥያቄና መልስ

ሰው እንደፈቀደው የጻፈውን ቀን ሶፍትዌር እንዲያነበው ስለማድረግ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የጎጃም ልጆች የላካችሁትን እነሆ።

ደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ለክሊኒክ የቀጠሮ ፎርም እየሠራሁ ነው። «3/4/2019» ሲጻፍ ምን ብዬ ልያዘው?

መልስ፦ በእኛ አጻጻፍ ቀን ይቀድማል፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በፈረንጁ ዲሴምበር 12 ቀን 2026 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበብከው ግን ያለፈው ኤፕሪል 3 ቀን 2019 ይሆናል፤ አሜሪካኖች ደግሞ ማርች 4 ይሉታል። ላለፈ ዓመት ቀጠሮ ስለማይያዝ እዚህ ኮዱ ራሱ ይለየዋል። የትውልድ ቀን ላይ ግን አትገምት፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ማንም ሳያየው ያልፋል። ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. ብለህ ጠይቅ።

ዳንግላ፦ የእህል ነጋዴዎቻችን «ለኅዳር ሚካኤል ማግስት አስረክባለሁ» ብለው ነው የሚጽፉት።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። ባታ 3፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27 የሚል ሰንጠረዥ አዘጋጅ። «ማግስት» ሲል አንድ ቀን ጨምር፣ «ዋዜማ» ሲል ቀንስ፤ ኅዳር 13 ወጣልህ። «ጥር ጊዮርጊስ» ጥር 23 ነው፤ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች የሚወጡበት ቀን። ወሩ ሳይጠራ «ለሚካኤል» ብቻ ከተባለ፣ መልእክቱ ከተላከ በኋላ የሚመጣውን 12 ያዝና «ቅዳሜ፣ ኅዳር 12 ማለትዎ ነው?» ብለህ አረጋግጥ። የሳምንቱን ቀን መጨመርህን አትርሳ፤ ሰው ስህተቱን የሚያየው በእሱ ነው። ፋሲካ ግን በየዓመቱ ስለሚዘዋወር በባሕረ ሐሳብ ይሰላል እንጂ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም።

ፍኖተ ሰላም፦ አንዱ ሐምሌ፣ ሌላው ሀምሌ ይላል።

መልስ፦ ለማነጻጸር ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልስ፤ ከነእርባታቸው። የተጻፈውን ግን እንዳለ አስቀምጥ።

ቡሬ፦ «፳፻፲፱» ሲመጣ ኮዱን የምጽፍበት ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ይሰናከልብኛል።

መልስ፦ ፓይተን አስቂኝ ነው፤ ፩ን «ኢዝዲጂት» (አሃዝ ነው ወይ?) ብለህ ስትጠይቀው አዎ ይልሃል፣ በ«ኢንት» ወደ ቁጥር ቀይርልኝ ስትለው እምቢ ይላል። የግእዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው ዩኒኮድ (ለኮምፒውተር የየቋንቋውን ፊደል የሚመድበው ሥርዓት) ከአስርዮሽ አሃዞች ጋር አልመደበውም። ራስህ ቀይረው፦ ፳ን በ፻ አባዛ፣ ፲ንና ፱ን ደምር።

ባሕር ዳር፦ «ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»ስ?

መልስ፦ ስድስት ሰዓት መቀነሱ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ቀኑ ነው፤ ለብዙ ሰው ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ ገና ማክሰኞ ነው፣ ስልኩ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ረቡዕ ብሎታል። «ለረቡዕ አጥቢያ» ካለ ግልጽ ነው፤ አለዚያ ጠይቀው።

ሞጣ፦ ጳጉሜን 6 ልቀበል?

መልስ፦ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ብቻ። 2015 ነበረው፣ 2019ም አለው።