«ጥቁር ነኝ፤ እኮራለሁ» ማለት ትዕቢት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ19 ዓመት ልጅ ነኝ፤ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው የምኖረው። መልኬ ጥቁር ነው፣ ጠይም እንኳ አይባልም። በቀደም አሜሪካ ያሉ ጥቁር ሴቶች «ጥቁር ሴት በመሆኔ እኮራለሁ» እያሉ የሚለጥፉትን አየሁ። እኔም ሹሩባ ተሠርቼ ፎቶዬን በዚያው ቃል ለጠፍኩ። የሰንበት ትምህርት ቤት እህቴ «ኩራት የዲያብሎስ ነው፣ አጥፊውና ንስሐ ግቢ» አለችኝ። አክስቴ ደግሞ የሚያቀላ ክሬም ገዝታልኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያቆመኝ «ጠይም እንኳ አይባልም» ያልሽው ነው። ይቅርታ የምትጠይቂ ነው የሚመስለው።

እህትሽ ስለ ትዕቢት ያለችው ውሸት አይደለም። ሳጥናኤልን የጣለው እሱ ነው። ግን ምን ብሎ ወደቀ? መላእክትን «እኔ ፈጠርኳችሁ» ብሎ። ያልሠራውን የራሱ አደረገ። አንቺ መልኬን ራሴ ሠራሁት አላልሽም። ቅዱስ ጳውሎስ «ያልተቀበልኸው ምን አለህ?» ይላል። የተቀበሉትን ተቀበልኩ ማለት ምስጋና ነው። ቀይዋን ጓደኛሽን ዝቅ አድርገሽ ያየሽ ዕለት ግን እህትሽ እውነቷን ነው፣ ንስሐ ግቢ።

አሜሪካ ያሉትም ቃሉን ከሜዳ አላነሡትም። አያቶቻቸው በቀለማቸው ተሸጠዋል። አንቺ ሳትጨነቂ የተሠራሽው ሹሩባ እዚያ ከሥራና ከትምህርት ቤት ያስመልስ ስለነበር፣ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸጉር አሠራሩ ሰውን መመለስ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። «እፈሩ» ሲባል የኖረ ሰው «እኮራለሁ» ቢል አይገርምም።

እኛም ንጹሕ አይደለን። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በየሰፈሩ አለ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሳስተምር አንዷን ሕፃን «ነይ እስኪ ጥቁሬ» አልኳት። ማቆላመጤ ነበር። ልጆቹ ሳቁ። እሷ ነጠላዋን ስባ ፊቷን ሸፈነች። ትምህርቱ እስኪያልቅ አልገለጠችውም። መምህር ተብዬ ያንን አድርጌያለሁ።

አሁን ወደ መጽሐፉ። መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 1 ላይ ሙሽራዪቱ «እኔ ጥቁር ነኝ፥ ነገር ግን ውብ ነኝ» ትላለች። ይህችን «ነገር ግን» ልብ በያት። እኛ ሰፈር «ጥቁር ናት፣ ግን ቆንጆ ናት» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ምስጋና መስሎ የሚወጋ። የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ግን «ጥቁርም ነኝ፣ ውብም ነኝ» ነው የሚለው። የዕብራይስጡም ቃል በአንድ ፊደል የተያያዘ ነው፤ «እና»ም «ግን»ም ሊሆን ይችላል። ሊቃውንቱ ሙሽራዪቱን ቤተ ክርስቲያን ናት ብለው ይተረጉሟታል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ራሷን ጥቁር ካለች አንቺ ምን ያሳፍርሻል?

ዘኍልቍ 12ንም አንብቢ። ሙሴ ኢትዮጵያዊት አገባ ብለው አሮንና እህቱ ማርያም አሙት። እግዚአብሔር ተቆጣ። እህቱ እንደ በረዶ ነጣች፤ ለምጽ ወጣባት፣ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። (የነጣችው ማን እንደሆነች ልብ ብለሻል?) ሰኔ 24 የምናከብረው ቅዱስም ሌላው ሙሴ፣ መነኩሴው ሙሴ ጸሊም ነው። ጥቁሩ ሙሴ ማለት ነው። ቀለሙን ማንም አልደበቀለትም።

«ሰይጣን በሥዕል ጥቁር አይደል?» የሚልሽ አይጠፋም። እሱ ከብርሃን መራቁን ለማሳየት ነው፣ የቆዳ ነገር አይደለም። ይልቅ እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቢ ቀና በይ። ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ጸጉራቸው ጥቁር፣ ዓይናቸው የእኛው ዓይን ነው። ሠዓሊው ሰማይን ሲያስብ የመጣለት የዚሁ አገር ሰው ፊት ይመስለኛል።

ክሬሙን በተመለከተ አጭር ነው። መዋብ ኃጢአት አይደለም። ቅቤ ትቀቢያለሽ፣ እንሶስላም ትሞቂያለሽ። ከሚያቀሉት ክሬሞች አንዳንዶቹ ግን ሜርኩሪ አለባቸው፤ ኩላሊት ይጎዳል። ሥጋሽም አደራ ነው፣ አትቀቢው። አክስትሽን አታስቀይሚያት፤ ወድዳሽ ነው፣ እሷም ስትሰማው ያደገችው ነው።

ጠዋት ጠዋት «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ትያለሽ አይደል? በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው ማለት ነው። ከበጎው ነገር ውስጥ መልክሽን አታውጪው።

ፎቶውንም አታጥፊው። ከሥሩ «ተመስገን» ብለሽ ጨምሪበት። እህትሽ ከዚያ ወዲያ የምትለው ካላት ይዘሻት ነይ፣ ሦስታችንም እንነጋገራለን።