ዘግይቶ የመጣ ፍንጭትና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ልጆች ጥርስ ስጽፍ፣ መጨረሻው ላይ «ብሬስ ለትልቅ ሰውም ይሆናል» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ደብዳቤው ሁሉ የመጣው በእሷ ላይ ነው። ከድሬዳዋ ከሳቢያን፣ ከመጋላ፣ ከገንደ ቆሬ፣ እንዲሁም ከሐረር ጀጎል ጽፋችሁልኛል። አብዛኞቻችሁ ከ40 በላይ ናችሁ። ብዙዎቻችሁ ደግሞ «አትሳቂብኝና» ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። ማንም ላይ አልሳቅሁም። እኔ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ብሬስ ማሰር፣ ማለትም የተጣመመ ጥርስን በሽቦ ማስተካከል፣ ኦርቶዶንቲስት የሚባለው ልዩ ሐኪም ሥራ ነው። ግን ከመታሰሩ በፊትም ከተፈታ በኋላም የምትመጡት እኔና መሰሎቼ ጋ ስለሆነ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከሳቢያን የጻፉልኝ እናት 46 ዓመታቸው ነው። የላይኛው ክራንቻቸው በጎኑ ካለው ጥርስ ላይ ተደርቦ ነው የበቀለው። እስከ ዛሬ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። አሁን ልጆቻቸው ሥራ ይዘው «እኛ እናሠራልሽ» ብለዋቸዋል። ጎረቤት ግን «በዚህ ዕድሜ ለማን ብለሽ?» እያለ ያሸማቅቃቸዋል። ይቻላል ወይ ነው ጥያቄያቸው።

ይቻላል፣ እናቴ። ጥርስ አጥንት ላይ እንደ ሚስማር የተመታ ነገር አይደለም። በጥርስና በአጥንቱ መካከል እንደ ጅማት ያለ ስስ ሥጋ አለ። ሽቦው ጥርሱን ቀስ አድርጎ ሲገፋው፣ ወደሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት እየተሸረሸረ ቦታ ይለቃል፤ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ ሥራ በ14 ዓመትም በ46 ዓመትም አንድ ነው። የ60 ዓመት ሰው እጁ ተሰብሮ የሚጠገነው አጥንት እስከ መጨረሻው ራሱን የሚያድስ ስለሆነ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ሰው ላይ ሲጀምር ቀርፈፍ ማለቱ ነው። ደግሞም የልጅ መንጋጋ ገና እያደገ ስለሆነ ሐኪሙ አቅጣጫ ሊያስይዘው ይችላል፤ የእኛ ግን እድገቱን ጨርሷል። ስለዚህ ችግሩ ከራሱ ከመንጋጋው አጥንት ሲሆን ሽቦ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። የእርስዎ ግን እንደ ነገሩኝ የጥርስ መደራረብ ነው። ጥርስ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከ18 ወር እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይያዙ።

«ለማን ብለሽ?» ላሉዎት ሰዎች ደግሞ፣ «ለራሴ» ይበሏቸው። 30 ዓመት ሙሉ በነጠላ ሥር የሳቀ ሰው ሌላ ምክንያት መቁጠር የለበትም። የግድ ምክንያት ካሉዎት ግን አለ፤ ተደራርቦ የቆመ ጥርስ መሀሉ ብሩሽ አይገባም፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ ድዱ ይታመማል።

ያማል ወይ? ስድስት ሰው ጠይቆኛል። ሽቦው በታሰረ ወይም በተጠበቀ ቁጥር ሦስት አራት ቀን ጥርስዎ ይደክማል፣ ማኘክ ያስጠላዎታል። ከዚያ ይለቃል። ከንፈር የሚፍቀው ብረት ላይ የሚለጠፍ ሰም ይሰጧችኋል፤ ካልሰጧችሁ ጠይቁ።

የባቢሌ ኦቾሎኒስ? አይሆንም። ቆሎም፣ ዳቦ ቆሎም፣ በጥርስ የሚላጥ ሸንኮራም አይሆንም። ብራኬቱ፣ ማለትም ሽቦውን ለመያዝ ጥርሱ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ነገር፣ ይነቀላል።

ከሐረር የጻፈልኝ ሹፌር 38 ዓመቱ ነው። ብሬስ ካሰረ አምስት ወሩ። ከሰዓት በኋላ በርጫ አለችው፤ እሷን መተው እንደማይችል አስቀድሞ ነግሮኛል። ጫትና ብሬስ አብረው ይሄዳሉ ወይ ይላል።

ወንድሜ፣ አይሄዱም። እዚህ አገር ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ስለ ጫት ልሰብክህ አልፈልግም። ግን አፍህ ውስጥ የሚሆነውን ልንገርህ። ቅጠሉ ብራኬቱ ሥር ይገባል፤ ያ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ አብሮት የሚጠጣው ነገር ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ለስላሳ ወይም በስኳር የተሞላ ሻይ ፉት ፉት ሲባል፣ ጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አራት ሰዓት ሙሉ አሲድ ያመርታሉ። ጫቱ ደግሞ አፍ ያደርቃል። ያንን አሲድ የሚያጥበው ምራቅ ነበር፤ እሱ የለም። ብሬስ በሌለው አፍ ይህ በዓመታት የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ብሬስ ባለው አፍ በወራት ያደርሰዋል። ሽቦው ሲፈታ በየብራኬቱ ዙሪያ ነጭ ምልክት ይቀራል። ጥርስህ ቀጥ ብሎ ተበልቶ ይወጣል ማለት ነው። መተው ካቃተህ ቢያንስ ስኳሩን ተው፤ ውሃ ብቻ ጠጣ። ስትጨርስ ሳትተኛ ቦርሽ። ያሰረልህን ሐኪም ደግሞ እውነቱን ንገረው። «አልቅምም» ብለኸው ከሆነ ተመልሰህ አስተካክል፤ በየቀጠሮው የሚያየው እሱ ነው።

አንድ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ በመፋቂያ እንደኖሩና ጥርሳቸው እንደ ወተት እንደሆነ ጽፈዋል። አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 እንደ እኛ አቆጣጠር ሳይሆን በፈረንጆቹ መፋቂያን ደግፎታል። ብሬስ ካሰሩ ግን የወይራ እንጨት በሽቦውና በድዱ መካከል አይገባም። ለዚያ ጊዜ ብሩሽ፣ ለሽቦው ሥር ደግሞ ትንሿ የመሀል ብሩሽ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አንድ ደብዳቤ ልምጣ። ይህን ሳነብ ሌላውን ሁሉ አቆምኩ።

የጻፉልኝ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ 61 ዓመታቸው። የፊት ጥርሶቻቸው ልጅ ሳሉ የተጠጋጉ ነበሩ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ግን መሀላቸው እየተከፈተ መጣ። ከዚራ ቡና የሚጠጡ ጓደኞቻቸው «በጡረታህ ፍንጭት ወጣልህ» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እሳቸው ግን ክፍተቱ ፊደል ሲያነቡ እንኳ ያፏጭባቸው ጀምሯል። ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አይተዋል። ሁለቱን ጥርስ በትንሽ ላስቲክ ታስራለህ፣ በሳምንት ይገጥማል ይላል። ላስቲኩን ታይዋን ገበያ ገዝተዋል። ላድርገው ወይ ይላሉ።

ጋሼ፣ እባክዎ አያድርጉት። ላስቲኩን ይጣሉት። ይህን አምድ ሳያነቡ አስረውት ከሆነ፣ ዛሬውኑ የጥርስ ሐኪም ጋ ይሂዱ። የጥርስ ሥር እንደ ካሮት ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ይቀጥናል። ላስቲክ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ቀጭኑ ይንሸራተታል። ከጥርሱ ላይ ተነስቶ ድድ ሥር ይገባል፣ ከዓይን ይሰወራል፣ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ያያዘውን ሥጋ እየቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል። ሰውየው ላስቲኩ የወደቀ ይመስለዋል። ከሳምንታት በኋላ ጥርሱ ሳይበሰብስ፣ ሳይሰበር፣ ሙሉውን ይወልቃል።

ሁለተኛው ነገር ከላስቲኩም ይብሳል። ፍንጭት በእኛ አገር ውበት ነው። ተዘፍኖለታል። ከልጅነት የነበረ ፍንጭት ይዞ ለሚመጣ ሰው እኔ ራሴ «ተወው፣ ያምርብሃል» ነው የምለው። በ58 ዓመት የመጣ ፍንጭት ግን ሌላ ነው። 50 ዓመት ሙሉ ባለበት የቆመ ጥርስ በድንገት ቦታውን መልቀቅ ከጀመረ፣ የያዘው ነገር ስለላላ ነው። የያዘው ደግሞ አጥንት ነው። ድድ ሲታመም ሕመሙ ወደ ታች ይወርድና አጥንቱን ይበላል። ይህ ሕመም አያሰቃይም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሰው ጥርሱ ሲያመው ሐኪም ቤት ይሮጣል፣ ድዱ ሲደማ ግን ብሩሹን ይቀይራል።

እስቲ መስታወት ፊት ይቁሙ። ሲቦርሹ ይደማል? ጥርሶችዎ ከድሮው የረዘሙ ይመስላሉ? ሥጋ ጥርስዎ መሀል እየገባ ያስቸግራል? ጠዋት አፍዎ ክፉ ይሸታል? አንዱንም አዎ ካሉ፣ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። «ድዴን ለኩልኝ» ይበሉ። ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ጥልቀት ይለካል። እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ደህና ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ኪስ ተፈጥሯል ማለት ነው። ራጅ ደግሞ አጥንቱ ምን ያህል እንደቀረ ያሳያል። እግረ መንገድዎን ስኳርዎን ይመርመሩ። ያልታወቀ የስኳር ሕመም ድድን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳርን ያስቸግራል። ሲጋራ ካለም እሱ ሌላ ጠላት ነው።

ከዚያ በኋላ ብሬስ ይቻላል? አዎ፣ በ61 ዓመትም ይቻላል። ቅደም ተከተሉን ግን አይቀይሩብኝ። መጀመሪያ ድዱ ይታከማል፣ ከሥር ድረስ ይታጠባል። ጥቂት ወራት ይጠበቃል። መድማቱ ቆሞ፣ ኪሱ መቀነሱ ተለክቶ ሲረጋገጥ ብቻ በቀላል ኃይል ይታሰራል። በታመመ ድድ ላይ የታሰረ ሽቦ ግን የቀረውን አጥንት ያስጨርሳል።

ይህን ያህል የምጨቀጭቀው አይቼው ስለሆነ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት የ50 ዓመት ሴት እኔ ጋ መጣች። ብሬሱ ሌላ ቦታ ነው የታሰረላት። ከዚያ በፊት ድዷን ማንም አልለካላትም፤ ራጅም አልተነሳችም። ገንዘቡን ዕቁብ ሰብስባ ነው የከፈለችው። የታች የፊት ጥርሶቿ በምላሷ ስትነካቸው ይነቃነቁ ነበር። ሽቦው ተፈታላት፣ ድዷን አከምን፣ ሁለቱን ማትረፍ ግን አልቻልኩም። ወንበሩ ላይ ሆና «ጠማማ ሆነው ቢቀሩልኝ ይሻለኝ ነበር» ያለችኝን አልረሳውም። ዕድሜዋ ምንም አላደረገም። ድዷን ያየላት ሰው አለመኖሩ ነው።

መተሐራ ያደገ ወጣት ብሬስ የጥርሱን ቡናማ ቀለም ያጠፋለት እንደሆነ ይጠይቃል። አያጠፋም። ያ ከውሃው ፍሎራይድ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ሰው አለው። ቀለሙ ጥርሱ ሲሠራ ጀምሮ ውስጡ የገባ ነው። የሚታከምበት ሌላ መንገድ አለ፤ አቅራቢያህ ያለ የጥርስ ሐኪም ያሳይሃል።

ሠርጓ ከአምስት ወር በኋላ የሆነችው እህቴ፣ አይደርስም። «በአምስት ወር አደርስልሻለሁ» ያለሽ ሰው ካለ ገንዘብሽን ያዢ። ከሠርጉ በኋላ ጀምሪ።

ብዙዎቻችሁ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ላሠራ ወይ ብላችኋል። ከዋጋው በፊት ቀጠሮውን ቁጠሩ። በየአራት ወይም በየስምንት ሳምንቱ፣ ለሁለት ዓመት። ባቡሩን ወይም አውቶቡሱን፣ ማደሪያውን፣ ከሥራ የምትቀሩበትን ቀን ደምሩ። አልችልም ከሆነ መልሱ፣ አትጀምሩ። በመሀል የተተወ ብሬስ ካልተጀመረው የከፋ ነው። ቅርብም ሆነ ሩቅ ስትሄዱ ግን አራት ነገር ጠይቁ። የሚያስረው ኦርቶዶንቲስት ነው ወይ? ሽቦ ከመታሰሩ በፊት ራጅና የጥርስ ልክ ይወሰዳል ወይ? ብራኬት ድሬ ላይ ቢነቀልብኝ ማን ያይልኛል? ዋጋው ሪቴይነሩን፣ ማለትም ሽቦው ከተፈታ በኋላ ጥርሱን ባለበት የሚይዘውን፣ ይጨምራል ወይ?

ሪቴይነር ካልኩ አይቀር፣ የ35 ዓመቷ የለገሃሬ ልጅ ከተፈታላት ሦስት ዓመቷ ነው፤ የታች ጥርሶቿ ተመልሰው ተጣመሙ። «ተጭበርብሬ ይሆን?» ትላለች።

አልተጭበረበርሽም። እኔ ራሴ በ41 ዓመቴ ብሬስ አስሬ ነበር። ከተፈታልኝ በኋላ እናቴ ታማ ሐረርና ድሬ ስመላለስ ሪቴይነሩን ሁለት ወር ተውኩት። ስመለስበት አልገባም አለኝ። የፊት ጥርሴ ዞሮ ነበር። ድዱ ውስጥ ጥርሱን እንደ ላስቲክ የሚስቡ ክሮች አሉ፤ አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃሉ። ከዚያም በኋላ የታች የፊት ጥርስ ብሬስ አሠሩም አላሠሩም በዕድሜ እየተጠጋጋ ይሄዳል። ስለዚህ ሪቴይነር ማታ ማታ ይደረጋል፣ ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለግሽ ድረስ። የአንቺ ትንሽ ከሆነ በአጭር ጊዜ ይመለሳል። ያሰረልሽ ሰው ጋ ተመለሺ፤ አታፍሪ፣ እኔም ተመልሻለሁ።

የመጨረሻው ከጀጎል ነው። ሚስታቸው በ50 ዓመቷ ብሬስ ካሰረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከሻይ በቀር አልቀመሰችም። «ምን ላብስልላት?» ይላሉ።

ገንፎ በቅቤ፣ ለስለስ ያለ። አጥሚት። አጥንቱ የወጣለት ሾርባ። ፓፓያ፣ ሙዝ፣ እርጎ። ሻዩን ስኳር ይቀንሱለት። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እንጀራ ትበላለች፤ ፍትፍት ያድርጉላት።