የሕግ ምክር፦ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለው ፋብሪካ

ጥያቄ፦ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ከአንድ ቆዳ ፋብሪካ ጋር አጥር ይጋራል። ፍሳሹ በግቢው ጀርባ ወዳለው ወንዝ ይወርዳል፤ በበጋ ሽታው ክፍል ውስጥ አያስቀምጥም። ሳልና ራስ ምታት አልለያቸው አለ። ወረዳው “ፋብሪካው ፈቃድ አለው” ብሎ መለሰን። ትልቁ ልጄ ደግሞ ሕፃናት በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት መንግሥታትን ከሰሱ የሚል አንብቦ “እኛስ?” ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ “ፈቃድ አለው” የሚለው መልስ አይደለም። የሥራ ፈቃድ የመበከል ፈቃድ አይሆንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44(1) በንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ ዕድሜ አልለየም።

የሚይዙት መሣሪያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። በተለመደው የፍትሐ ብሔር ሥርዓት ከሳሽ በጉዳዩ ጥቅም እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል፤ እዚህ ግን ማንም ሰው ይህን ሳያስረዳ፣ ለደረሰም ሊደርስ ለሚችልም ጉዳት አቤት ማለት ይችላል። አቤቱታው የሚቀርበው ለወረዳው ሳይሆን ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። በጽሑፍ ያድርጉት፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይያዙ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ “ነገ ተመለሱ” ሲባል ይመላለሳል፣ 60ው ቀን ግን ከ31ኛው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

ተከሳሹ ማን እንደሆነም ይጠንቀቁ። በ1999 ዓ.ም. አንድ የመብት ተሟጋች ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የቁጥጥር ባለሥልጣኑን ከሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ መከሰስ ያለበት በካዩ እንጂ ባለሥልጣኑ አይደለም በሚል ክሱን ውድቅ አደረገው። በእኔ አስተያየት የጠበበ አተረጓጎም ነው፤ ቢሆንም ልጆችዎን ይዘው አይፈትኑት። ፋብሪካውን ይክሰሱ፤ ስሙንም ከበሩ ታፔላ ሳይሆን ከንግድ ምዝገባው ይውሰዱ።

ማስረጃው ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቆዳ ፋብሪካ ጠጉር ለማርገፍ ሰልፋይድ፣ ለማልፋት ደግሞ ክሮሚየም ይጠቀማል። የሰልፋይዱ ፍሳሽ ከአሲዳማው ጋር ሲቀላቀል የገማ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ራስዎ በሃይላንድ ጠርሙስ የቀዱት ውኃ በተከሳሹ ጠበቃ በቀላሉ ይጣላል፤ ስለዚህ በአቤቱታው ላይ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ናሙና እንዲወስድ ይጠይቁ፣ ከፍሳሹ መግቢያ በላይም በታችም። የላዩ ከሌለ “ከላይ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ነው” ይባላል። ፍሳሹ የሚለቀቀው ሌሊት ከሆነ ሰዓቱን መዝግበው ይጻፉ፤ ተቆጣጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያ መግባት ይችላል። በክረምት ዝናቡ ስለሚያቀጥነው በበጋ ይወሰድ። የክሊኒክ ካርድና የትምህርት ቤቱን የቀሪ መዝገብ ቀን በቀን ያስተያዩ።

የሕክምና ወጪና የጉዳት ካሳ ከፈለጉ ያ ሌላ ክስ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 በአደገኛ ሥራ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርም ኃላፊ ያደርጋል፤ ፋብሪካው “ሥራዬ አደገኛ አይደለም” ብሎ መከራከሩ ስለማይቀር በቁጥር 2028 ጥፋትንም በአማራጭ ይጥቀሱ። ይርጋው (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው። ልጆቹ 18 ስላልሞላቸው እርስዎ ወይም አባታቸው በሞግዚትነት ይከስሳሉ፤ የልደት ካርድ ያያይዙ።

ወደ ልጅዎ ጥያቄ ስመጣ፣ ነገሩ ከወንዙ የራቀ አይደለም። ዝናብ ሲዛባ ወንዙ ይሳሳል፤ ያው ፍሳሽ በጥቂት ውኃ ሲቀላቀል ይበረታል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2015 ዓ.ም. ባወጣው አጠቃላይ ማብራሪያ ቁጥር 26 የአካባቢንና የአየር ንብረትን ጉዳይ ከሕፃናት መብት ጋር አያይዞታል። ኢትዮጵያ ኮሚቴው የሚከታተለውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ተቀብላለች፤ በአቤቱታዎ ላይ ይጥቀሱት። ልጅዎ ያነበበው ምናልባት 16 ሕፃናት አርጀንቲናን፣ ብራዚልን፣ ፈረንሳይን፣ ጀርመንንና ቱርክን የከሰሱበትን ይሆናል። ኮሚቴው በ2014 ዓ.ም. ያልተቀበለው በየአገራቸው ያለውን መፍትሔ ሳይጨርሱ በመምጣታቸው ነው። ኢትዮጵያ የግለሰብ አቤቱታ የሚያስተናግደውን ፕሮቶኮል ስላላጸደቀች ያ በር ለእናንተ ዝግ ነው። ክፍት የሆነው መቀመጫውን በሌሶቶ ዋና ከተማ ማሴሩ ያደረገው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ኤክስፐርቶች ኮሚቴ ነው፤ እሱም የአገር ቤቱን መንገድ ጨርሳችሁ ኑ ይላል። ገቢ ቁጥር ያለበት ያ ቅጂ ለዚያም ያስፈልጋልና እንዳይጠፋብዎ።