ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሽፈራው ከልጄ ደም እርሳስ (ሊድ) ያወጣል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን እየፈታ ይጠግናል። የ3 ዓመት ልጃችን ሆዷን እያመማት ምግብ አስጠልቷታል። የዕፅዋት አንቲኦክሲዳንት (ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር) የፍራፍሬ ዝንቦችን ከከባድ ብረት መርዝ እንደሚከላከል አነበብኩ። 2 ወር ሙሉ የሽፈራው ዱቄት በወተት እየሰጠኋት ነው። ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ዝንብ ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን «ልጄን በገዛ ግቢያችን መርዘናት ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የልጅ ሆድ በብዙ ምክንያት ይታመማል። ምክንያቱ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው መርዛማ ከባድ ብረት፣ እርሳስ፣ መሆኑን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። በየክሊኒኩ ስለማይሠራ ሐኪም ወደሚሠራበት ይላካት።

ስለ ዝንቦቹ ያነበቡት ውሸት አይደለም። እርሳስ የበላች ዝንብ የብልቃጡን ግድግዳ መውጣት ያቅታታል፤ የዕፅዋት ጭማቂ ሲጨመርላት ይሻላታል። ግን ብዙ ጊዜ መርዙና ጭማቂው በአንድ ምግብ ተቀላቅለው ነው የሚቀርቡላት፤ ጭማቂው መርዙን ገና ወደ ሰውነቷ ሳይገባ ይዞት ሊሆን ይችላል። ደግሞ ዝንብ አጥንት የላትም። ሰው ውስጥ የገባ እርሳስ አጥንት ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ይቀመጣል።

አሁን ወደ ወተቱ። ይቺ «ወተት መርዝ ያረክሳል» የምትባል ነገር አሰልችታኛለች። ቀለም ቀቢው፣ ብየዳ ሠራተኛው፣ ጋራዥ የሚውለው ሁሉ ማታ አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጣና ታጥቤያለሁ ይላል። አልታጠበም! ካልሲየም የሚበቃው ሰው አንጀት እርሳስን ያነሰ ይስባል፤ ይሄ እውነት ነው። ደም ውስጥ የገባውን ግን ወተት አያወጣውም። በትንፋሽ የገባውንማ መንገድ ላይም አያገኘው። ይባስ ብሎ በወተት ብቻ የጠገበች ልጅ ሌላ ምግብ አትበላም፣ አይረን ያንሳታል። አይረን ያነሰው አንጀት ደግሞ እርሳስን አብዝቶ ይስባል። ልጅዎ ምግብ አስጠልቷታል ብለውኛል፤ ወተቱን ስንት ጊዜ ነው የሚሰጧት?

ሽፈራው እንደ ጎመን ቢበላ አልቃወምም፤ ከደም እርሳስ ያወጣል ብዬ ግን አልነግርዎትም። ደግሞስ 2 ወር! ባትሪው እዚያው እየተፈታ?

ይረጋጉ፤ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ሕክምና ምንጩን ማራቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ሲደርስ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። እርሳስ የሚያወጣ መድኃኒት በሐኪም ክትትል የሚሰጠው ግን ልጅ ላይ 45 ሲደርስ ነው። ባትሪው ዛሬውኑ ከግቢ ይውጣ። ቱታው ቤት አይግባ። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት፤ በደረቁ መጥረግ አቧራውን ያስነሳዋል። ልጅዎን ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ከፈዘዘች ወይም ካንቀጠቀጣት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

አባትየውም አብሮ ይመርመር። «እኔ እኮ ወተት እጠጣለሁ» ካለዎት ይህን ያስነብቡት።