አራስም ናት፣ ሐዘንተኛም ናት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ደላንታ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ መጣች። ስትደርስ የሕፃኑ የልብ ምት ጠፍቷል። ወለደች። ወሩን የጨረሰ ወንድ ልጅ ነበር። አማቷ «ሳታየው ጠቅልላችሁ ስጡኝ» አሉ፣ ሰጠናቸው። አባትየው ግን እግሬ ላይ ወድቆ «ክርስትና ሳይነሳ እንዳይቀበር» ብሎ አለቀሰ። ጨነቀኝ። ከቧንቧ ውሃ ቀድቼ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ብዬ ግንባሩ ላይ አፈሰስኩለት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አጠፋሁ? ልጁስ የት ነው? በዚያው ሳምንት ደግሞ ለክትትል የመጣች ነፍሰ ጡር «ሎተስ በርዝ» የሚሉትን በስልኳ አሳየችኝ። እትብቱ እንዳይቆረጥ፣ የእንግዴ ልጁ በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ከሕፃኑ ጋር ይቆይ ትላለች። «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው» ብላም ጠቀሰችልኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ጥቅሷ አስቆኛል። ያ ቃል የተነገረው ለባልና ሚስት ነው። ለእትብት ከሆነማ አንቺ በቀን ስንቱን ስታፋቺ ትውያለሽ!

ሎተስ በርዝ የአባቶቻችን ሥርዓት አይደለም። ስሙን ያገኘው ክሌር ሎተስ ደይ ከምትባል የካሊፎርኒያ ሴት ነው፣ በ1974 እ.ኤ.አ.። የእንግዴ ልጁን ጨውና ቅጠላ ቅጠል ነስንሰው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ እትብቱ ደርቆ እስኪለቅ ከሕፃኑ ጋር ይዘውት ይዞራሉ። ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። ሕክምናውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ደም መዘዋወሩ ካቆመ በኋላ ያ ሥጋ የሞተ ሥጋ ነው። የእንግሊዝ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2008 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀውም ለዚህ ነው፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ሕፃኑ ሊሻገር ይችላል።

ከሃይማኖት አንጻር ከጠየቅሽኝ፣ እትብት መቁረጥም ማዘግየትም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን ሕዝቅኤል ምዕራፍ 16ን አንብቢላት። እግዚአብሔር ኢየሩሳሌምን ሜዳ ላይ በተጣለች ሕፃን ሲመስላት «እትብትሽ አልተቆረጠም፣ በውኃ አልታጠብሽም፣ በጨርቅም አልተጠቀለልሽም» ይላታል። እዚያ እትብቷ ያልተቆረጠው የሚራራላት ሰው ስላልነበረ ነው። መቁረጥ የአዋላጅ ርኅራኄ ነው ማለት ነው። ደግሞ የእኛ ሰው ስሙን ሲያወጣለት «የእንግዴ ልጅ» ነው ያለው። እንግዳ ይሸኛል እንጂ አሥር ቀን ጨው እየተነሰነሰበት አይቀመጥም።

የሕፃኑ መንፈስ በእንግዴ ልጁ ውስጥ አለ የሚሉ ካሉ፣ እሱ የእኛ እምነት አይደለም። እኛም ግን ንጹሕ አይደለንም። ሰው አግኝቶ መተት እንዳይሠራበት እያሉ በሌሊት ደብቀው የሚቀብሩ እናቶች በአገራችን ሞልተዋል። ቀብሩ ንጽሕናም ወግም ነው፣ «እትብቴ የተቀበረበት» የምንለውም ደስ ይላል። ፍርሃቱን ግን እንተወው።

ልጅቷ የፈለገችው «ልጄን አታዋክቡብኝ» ማለት ከሆነ ግን ትክክል ነች። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ወዲያው ቁረጡ አይልም። ቢያንስ አንድ ደቂቃ፣ እስከ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ ነው የሚለው፣ ደሙ ወደ ሕፃኑ እንዲያልፍ። ይህን አስረጂያት። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጊላት፣ ጠብቂ፣ ከዚያ ቁረጪ። ትስማማ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ።

እናቴ ወረኢሉ ነው የወለደችን። አንዴ ቤት ቆጣሪ መጥቶ ስንት ልጅ እንደወለደች ጠየቃት። «ስምንት» አለች። ቆጣሪው እኛን አየ፣ በጣቱ ቆጠረ፣ ሰባት ነን። «ሰባት ነው የሚሆነው እማማ» አላት። «ስምንት ብለህ ጻፍ» አለችው። ከእኔ በፊት ሞቶ የተወለደ ወንድም እንደነበረኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከቤታችን ኋላ ተቀብሯል። ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ድንኳን አልተጣለም፣ ቅሬው (ዕድሩ) አልተጠራም። በሦስተኛው ቀን ተነስታ እንጀራ ጋገረች። ያ ሁሉ ዓመት ስትቆጥረው ኖራለች ማለት ነው። ለዚህ ነው ጥያቄሽን ሳነበው ከውሃው ይልቅ «ሳታየው ጠቅልላችሁ ስጡኝ» የሚለው ላይ የቆምኩት።

ግን ውሃው አስጨንቆሻልና እሱን ልመልስ። ያደረግሽው ጥምቀት አይደለም። ጥምቀት ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፣ የሚፈጽመው ካህን ነው፣ የሚጠመቀውም በሕይወት ያለ ሰው ነው። ለሞተ ሰው ቁርባን እንደማናቀብለው ሁሉ የሞተ ሕፃንም አይጠመቅም። ስለዚህ አትድገሚው። ለነፍስ አባትሽም ንገሪ፣ እኔ በጽሑፍ ቀኖና አልሰጥሽም። ክፋት ግን አላየሁብሽም። የሚያለቅስ አባት ፊትሽ ወድቆ እጅሽ ላይ ያለው ውሃ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ ያዢ። ሕፃኑ ተወልዶ ትንፋሽ ካለው፣ ግን የሚያሰጋ ከሆነ፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 የሚባለው ቀን አይጠበቅም። አንቺ መጀመሪያ ሥራሽን ሥሪ፣ አስተንፍሺው። ሌላ ሰው ደግሞ ሮጦ ካህን ይጥራ። ካህኑ በዚያው ሰዓት ያጠምቀዋል። ለጤና ጣቢያሽ ቅርብ ከሆነው ቤተ ክርስቲያን የአንድ ቄስ ስልክ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉ ጥሩ ነው። የሼሁንም ጨምሩበት፤ ወሎ ነው ያላችሁት፣ ጎን ለጎን የሚያምጡት የሁለታችንም እናቶች ናቸው።

«ልጁስ የት ነው?» ላልሽው። ጌታ ለኒቆዲሞስ «ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ» ብሎታል፣ ይህን አላለሰልስም። ቤተ ክርስቲያን የምትቆጣው ግን ሕያው ልጅ ታሞባቸው ካህን ሳይጠሩ የዘነጉ ወላጆችን ነው። እነዚህ ምን ዘነጉ? በቃሬዛ ተሸክመው ገደል ወጥተው ገደል ወርደው ነው የደረሱት። መዝሙረ ዳዊት 138 (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 139 ነው) «ያልተሠራ አካሌን ዓይኖችህ አዩኝ» ይላል። እናቱ ሳታየው የተቀበረውን ያን ሕፃን እግዚአብሔር አይቶታል። ዳዊት ራሱ ሕፃን ልጁ ሲሞትበት ምን አለ? «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም»። ልጁ የሞተው በሰባተኛው ቀን ነው ይላል 2ኛ ሳሙኤል 12። ከልደቱ ከቆጠርነው፣ ግዝረት በስምንተኛው ቀን ነውና የኪዳኑ ምልክት ሳይደርሰው ነው ያረፈው። ዳዊት ግን ተስፋ አልቆረጠም። እኔ ከዚህ አልፌ ገነት ገባ ወይም አልገባም ብዬ ደብዳቤ አልጽፍም። ሕፃናት ወደ እኔ ይምጡ ካለው ጌታ እጅ ላይ ነው የምተወው።

ይህን ታሪክ ስታነብቢላቸው ግን ተጠንቀቂ። የዳዊት ልጅ የሞተበት ምክንያት እዚያው ተጽፏል፤ ሰው ደግሞ እሱን ይዞ «እሷስ ምን በድላ ነው?» ማለት ይወዳል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠይቁት ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሏል። ያንን በሏቸው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕፃን ሞቶ ይወለዳል፣ ከ100 ከ40 በላይ የሚሆኑት ምጥ ላይ እያሉ ነው የሚያርፉት። ደም ግፊት፣ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የተራዘመ ምጥ። ቡዳ ወይም እርግማን አይደለም። መንገዱ ሩቅ የሆነባት ቀኗ ሲደርስ ቀደም ብላ እናቶች ማቆያ ብትገባ ከስለት አያንስም፣ ስለቷንም ግሸን ማርያም ታግባ።

አሁን ስለ እናትየዋ። እሷ አራስ ናት። ልጅ ባትታቀፍም አራስ ናት። ደሟ እንደማንኛዋም ይፈሳል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ጡቷ ይሞላል፣ የሚጠባው የለም፣ ያን ቀን ማንም አስቀድሞ ካልነገራት ልቧ ይሰበራል። ስለዚህ ንገሪያት። ገንፎው ይገንፋላት፣ አጥሚቱ ይቅረብላት፣ ትተኛ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትገባውም የመንጻት ቀኗ ሲሞላ ነው፣ ወንድ ነውና 40። ይህ ቅጣት አይደለም። ወልዳለችና የወላድ ሥርዓት ይፈጸምላት ማለት ነው።

ሰው ግን ሲገባ አፉ ይያዛል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበላት ወይስ «እግዜር ያጽናሽ»? እኔ ሁለቱንም በሏት ባይ ነኝ። በምጥ ማርያም ማርያም ሲባል የነበረው ለእሷም ነፍስ ነው፣ እሷ ተርፋለች። ቀጥሎ አብረዋት ያልቅሱ። «ገና ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» የሚለውን ግን እባካችሁ ተዉት። ራሔል ስለ ልጆቿ አለቀሰች፣ መጽናናትም እንቢ አለች ተብሎ ተጽፏል፤ «እንቢ አለች» ተብላ አልተወቀሰችም። የሠፈራችን ሙስሊም ጎረቤቶች ከእኛ ይሻላሉ አንዳንዴ። ቡና ይዘው ይገባሉ፣ «አብሽሪ» ይላሉ፣ ዝም ብለው አብረው ይቀመጣሉ።

አማትየዋን አልፈርድባቸውም። እሳቸውም በዚያው መንገድ ነው የሸኙት ምናልባት። ለሚቀጥለው ግን እናትየዋን ጠይቂ። «ልታይው ትፈልጊያለሽ?» በያት። ካለች አጥበሽ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ስጫት፣ ሰዓት አትቁጠሪባት። ካላለች አታስገድጃት፣ ወደ ኋላ ሐሳቧን ልትለውጥ ትችላለችና ጥቂት ቆዪላት። ጸጉሩ ምን ይመስል እንደነበር፣ ማንን እንደሚመስል ንገሪያት፤ አንቺ አይተሽዋል። ቆይታ እናቴ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነበር፣ የሚመልስላት አልነበረም።

ስም ያወጡለት እንደሆነ ብትይኝ፣ የክርስትና ስም ከጥምቀት ጋር ነው የሚመጣው። እናቱ በልቧ የምትጠራበትን ስም ግን ማንም አይነጥቃትም። ፍትሐት ለተጠመቀ ነው፣ በሕፃኑ ምክንያት ለነዳያን ማብላት ግን ማን ከለከለ? ቀብሩን ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ይነጋገሩ፣ በጨለማ እንደ ስርቆት አይሁን። የቅሬ ዳኞችም ብትሆኑ ይህን የምታነቡ፣ ደንባችሁን አንድ ጊዜ ገልጣችሁ እዩት። በእኛ ሠፈር ቅሬ ሞቶ ለተወለደ ልጅ የሚል መስመር የለም። ድንኳኑ ይቅር፣ አንድ ቀን ሄዶ ደጁ ላይ መቀመጥ ምን ይከብዳል።

ስለ ራስሽም ትንሽ ልበል። ሲፓራና ፉሐ የዕብራውያን አዋላጆች ነበሩ፣ ፈርዖን ወንዶቹን ግደሉ ሲላቸው እግዚአብሔርን ፈርተው አዳኑ፣ ስማቸው እስከ ዛሬ ተጽፎ አለ፣ የፈርዖኑ ስም ግን እዚያ የለም። አንቺም ስትችዪ አድነሻል። ያ ልጅ እጅሽ ላይ ሲደርስ አልፎ ነበር። ማታ እንቅልፍ ሲነሳሽ ይህን አስቢ፣ ለባልደረቦችሽም አውሪ፣ ብቻሽን አትያዢው።

አባትየው የቀረ ነገር አለበት። ልጄ ተጠምቋል ብሎ እንደሆነ የሚኖረው፣ እንዲሁ አትተዪው፣ አንድ ቀን ከሌላ ሰው ይሰማዋል። ብቻሽንም ሄደሽ አትንገሪው። ለነፍስ አባትሽ ከነገርሽ በኋላ የሠፈራቸውን ቄስ ይዘሽ ሂጂ፣ ዳቦም ያዢ። መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ስለ ልጁ ያውራችሁ። የውሃውን ነገር ቄሱ ይንገሩት።